ድብን ከመግደል ሥጋውን ማብሰል ይከብዳል

በዚህ ዓምድ ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ልጆች ክትባት፣ ስለ ቤት ወጪ አያያዝ ብዙ ተወያይተናል። የዛሬው ርእሴ ድብ ነው ስላችሁ «ደግሞ ድብ ከእኛ ቤት ምን አለው?» ሳትሉኝ አትቀሩም። እውነት ነው፤ በአገራችን ድብ የለም። በአፍሪካ ምድር ይኖር የነበረው የድብ ዘር በሰሜን አፍሪካ በአትላስ ተራሮች አካባቢ የነበረው ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አብዛኞቻችን ድብን የምናውቀው ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ መግደሉን ከመጽሐፍ ስንሰማ ነው። እኔ ግን የድብ ጉዳይ በገዛ እህቴ ወጥ ቤት ገብቶ አየሁ። ከዚያ ያገኘሁትም ትምህርት ለእያንዳንዳችን ቤት የሚጠቅም ስለ መሰለኝ ላወጋችሁ ወደድሁ።

ታናሽ እህቴ ትዳር ይዛ የምትኖረው በሰሜን አሜሪካ ጫፍ፣ በአላስካ ክፍለ ግዛት፣ አንኮሬጅ በተባለው ከተማ ነው። ባለቤቷ የዚያው አገር ተወላጅ የሆነ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ነው። አንድ ልጃቸው 16 ዓመቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የዓመት ፈቃዴን ይዤ ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ ቤቱ በክርክር ተወጥሮ አገኘሁት። አባትየው «ልጁ ደርሷል፤ በዚህ ጸደይ ለመጀመሪያ ጊዜ ድብ አደን ይዤው እወጣለሁ» ይላል። እናትየው ደግሞ «እኔ ባለሁበት ቤት የድብ ሥጋ አይገባም» ብላ ጸንታለች።

እህቴ የምታነሣቸው ነገሮች ሦስት ነበሩ። አንደኛው፣ ያው የእናት ነገር፣ ለልጇ ሕይወት መስጋቷ ነው። ሁለተኛው፣ የድብ ሥጋ በእምነቷ የማይበላ መሆኑ ነው፤ ድብ አያመሰኳም፣ ሰኮናውም የተሰነጠቀ አይደለም። ሦስተኛውን የነገረችኝ ግን ልጁ ወጣ ካለ በኋላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር። «ጸደይ እኮ እናት ድብ ልጆቿን ይዛ የምትወጣበት ጊዜ ነው። ልጄ የልጆች እናት ገድሎ ቢመጣብኝስ? እታለም፣ አንቺም ወልደሻል፤ እስቲ ፍረጂኝ» አለችኝ።

ለመፍረድ የሚቸኩል ሽማግሌ ዕርቅ ያበላሻል። የእኔም ሥራ መጠየቅ ስለሆነ ፍርዱን አቆይቼ መጠየቅ ጀመርሁ፤ የእህቴን ባል ጠየቅሁ፣ ስለ አደን የወጣውን ደንብ አነበብሁ፣ ስለ ድብ ጠባይ የሚያውቁትን አነጋገርሁ።

ስለ እናት ድብ የሰማሁት ብቻውን የዛሬውን ዓምድ ይሞላ ነበር። ጥቁር ድብ ቅዝቃዜው ሲጠና ጉድጓድ ገብቶ ይተኛል። በአላስካ ይህ እንቅልፍ እስከ 7 ወር ሊደርስ ይችላል። በዚያን ሁሉ ጊዜ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይሸናም፤ አስቀድሞ ባከማቸው ስብ ብቻ ይኖራል። ከሁሉ የሚገርመው እናቲቱ የምትወልደው በዚሁ የክረምት እንቅልፍ መካከል፣ በጥር ወር ገደማ መሆኑ ነው። ግልገሎቹ ሲወለዱ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞሉም። እናት አንድ ነገር ሳትቀምስ እነርሱን ታጠባለች። በረዶው ሲቀልጥ አስቀድመው የሚወጡት ወንዶቹ ናቸው፤ አራስ ድብ ከሁሉ ኋላ ትወጣለች። ልጆቿም ዓመት ከመንፈቅ ያህል ከአጠገቧ አይለዩም።

ስለዚህ የእህቴ ሥጋት ከንቱ አልነበረም። በአላስካ በአብዛኛው ስፍራ ግልገልንም ሆነ ግልገል ያላትን እናት መግደል በሕግ የተከለከለ ነው። ችግሩ እናቲቱ ሣር በምትግጥበት ጊዜ ልጆቿ ዛፍ ላይ ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚሆኑ ብቻዋን መስላ መታየቷ ነው። በዚህና በሌላም ምክንያት በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1992 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የጸደይን ድብ አደን አስቀርቷል። በአላስካ ግን ይፈቀዳል፤ የጥንቃቄውም ሸክም ያለው በአዳኙ ላይ ነው። ይህንን ለእህቴ ባል ባነሣበት «ልክ ነሽ፤ ልጄን የማስተምረው ከመተኮስ በፊት መጠበቅን ነው» ሲል መለሰልኝ።

ከደንቡ ውስጥ ይበልጥ የሳበኝ ግን የሥጋው ጉዳይ ነው። በቀድሞው ዘመን በእኛ አገር አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ክብሩ በግዳዩ ላይ ነበር፤ ይፎክራል፣ ይሸለማል፣ ጎፈሩን ወይም ጥርሱን ያሳያል። የዝሆኑ ሥጋ የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ አልነበረም። በአላስካ ብዙ አካባቢዎች ግን በጸደይ የተገደለ ጥቁር ድብ ለመብል የሚሆነው ሥጋው የግድ ከጫካ ወጥቶ ቤት መድረስ አለበት። ቆዳውን ገፎ ሥጋውን ለአሞራ ትቶ የሚመለስ ይቀጣል። ምክንያቱም ድቡ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ለጋ ሣርና ቅጠል በሚግጥበት በጸደይ ወራት ሥጋው መልካም ነው። ዓሣ ከወንዝ እየያዘ መብላት ከጀመረ በኋላ ግን ሥጋው ዓሣ ዓሣ ሊል ይችላል። እንግዲህ በዚያ አገር አዳኙን የሚጠብቀው «ግዳይህን አሳየን» የሚል ብቻ ሳይሆን «ሥጋውን የት አደረስኸው?» የሚልም ጥያቄ ነው። እህቴን ጥቂት ያለዘባት ይህ ይመስለኛል። «እንግዲያው ለጨዋታ አይደለም ማለት ነው» አለች።

ዝግጅቱ ሳምንታት የወሰደ ነበር። ልጁ የአዳኝነት ትምህርት ወስዶ የምስክር ወረቀት አግኝቷል። ጥቁሩን ድብ ከቡናማው ድብ መለየትን ተምሯል። ቀለም ያሳስታል፤ ጥቁር ድብ የተባለውም ቡናማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቡናማው ግን በትከሻው ላይ ጉብታ አለው፣ ፊቱ መካከሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ነው፣ የፊት እግሩም ጥፍር ረጅም ነው። የጥቁሩ ድብ ፊት ከግንባር እስከ አፍንጫ ቀጥ ያለ ሲሆን ጉብታ የለውም። ልጁ ማታ ማታ ሥዕል እያየ እናቱን ሲፈትናት፣ እርሷም ሳትወድ በግድ አወቀችው።

ስንቁም ተሰናዳ፤ የዝናብ ልብስ፣ የጎማ ቦት ጫማ፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ ገመድ፣ ጓንት፣ የተሳለ ቢላዋ፣ የሥጋ መያዣ የጨርቅ ከረጢት፣ በረዶ የተሞላ ሣጥን። ከረጢቱ ጨርቅ የሆነው ሥጋው አየር እንዲያገኝና ሙቀቱ እንዲወጣለት ነው፤ ፕላስቲክ ግን ሙቀትና እርጥበት አፍኖ ያበላሸዋል። ቡናማ ድብ ድንገት ቢመጣ በፊቱ ላይ የሚረጭ ጣሳም ያዙ። ጣሳው ውስጥ ያለው በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር ነው። እህቴ ይህን ስትሰማ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «በርበሬስ ከእኔ ቤት አይጠፋም ነበር!»

አባትና ልጅ በግንቦት መጀመሪያ በጀልባ ለማደን ወጡ። ከአንኮሬጅ ዊቲየር ወደተባለው ወደብ የሚያስገባው መንገድ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የተራራ ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ባለ አንድ መሥመር ስለሆነ መኪናና ባቡር ተራ እየጠበቁ ነው የሚገቡበት። ከዚያ ወዲያ ፕሪንስ ዊሊያም ሳውንድ የተባለው የባሕር ወሽመጥ ነው። እኛ ሦስት ቀን ቤት ተቀመጥን። በዚያ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ እህቴ ሌሊቱ አልመሽ እያላት መስኮት ላይ ቆማ ታመሽ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በሰላም ተመለሱ። ልጁ ሁሉን የነገረን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን በባሕሩ ዳር ሣር የሚግጥ ድብ አዩ። ብቻውን ይመስላል፤ ርቀቱም ምቹ ነበር። አባቱ ግን «ጠብቅ» አለው። ግማሽ ሰዓት ያህል በመነጽር ሲያዩ ቆይተው ሁለት ግልገሎች ከዛፍ ላይ ወርደው ወደ እናታቸው ሮጡ። ልጁ ጥይቱን ከጠመንጃው አወጣ። በሦስተኛው ቀን ሌላ አገኙ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተመልክተው ብቻውን የሚሄድ ወንድ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ተኮሰ፤ በአንድ ጥይት ወደቀ።

«ከዚያ በኋላ አባቴ ምንም አላለኝም፤ ቢላዋውን ሰጠኝ» አለ። በጸደይ ወራት አንድ ሙሉ ወንድ ጥቁር ድብ ከ80 እስከ 90 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ወፍራሙ ጠጉርና ስቡ ሙቀት አፍኖ ስለሚይዝ ቆዳው ቶሎ ካልተገፈፈ ሥጋው ይበላሻል። ሆድ ዕቃውን ማውጣት፣ መግፈፍ፣ በየብልቱ መለያየት፣ በከረጢት አድርጎ እየተሸከሙ በቁጥቋጦ መካከል ወደ ጀልባው መመላለስ፣ ይህ ሁሉ 6 ሰዓት ፈጀባቸው። ልጁ እናቱ ወደ ውስጥ ስትገባ ቀስ ብሎ «አክስቴ፣ ቆዳው ሲወጣ የሰው ገላ መሰለኝ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ዝም ብዬ ትከሻውን ያዝሁት። ሰው ሥጋ የሚበላ ከሆነ ይህን አንድ ጊዜ ማየቱ የሚጎዳው አይመስለኝም።

ቆዳውና የራስ ቅሉ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣኖች ቀረቡ። እነርሱም ለክተው ማኅተም ያደርጉበታል፤ ከጥርሶቹም አንዱን ወስደው እንደ ዛፍ ግንድ በክብ መሥመሮቹ ዕድሜውን ይቆጥራሉ።

አሁን፣ ውድ እናቶች፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ሥጋው ቤት ገባ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። በድብ ሥጋ ውስጥ ትሪኪኔላ የሚባል በዓይን የማይታይ የትል እጭ ሊኖር ይችላል። በጥሬ የከብት ሥጋ የሚመጣው የእኛው ኮሶ በአንጀት ውስጥ የሚቀመጥ ነው። የትሪኪኔላ ልጆች ግን ከአንጀት ወጥተው በደም እየተጓዙ በሰው ጡንቻ ውስጥ ይሰፍራሉ። መጀመሪያ ሆድ ያማል፣ ያስቀምጣል፤ ከሳምንታት በኋላም ትኩሳት፣ ብርቱ የጡንቻ ሕመምና የዐይን ቆብ ማበጥ ይከተላል። መድኃኒቱ ለልጆቻችን ወስፋት የምናውቀው አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል ነው፤ ይበልጥ የሚረዳው ግን እጩ ጡንቻ ውስጥ ሳይገባ ቶሎ ሲወሰድ ነው።

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቆይ አይሞትም?» ትሉኝ ይሆናል። እህቴም ይህንኑ ነበር የጠየቀችው። በሰሜኑ ብርድ አገር አራዊት ላይ የሚገኘው የትሪኪኔላ ዓይነት በረዶን ይቋቋማል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ዘገባ ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዘጠኝ የአንድ ቤተሰብ አባላት በደቡብ ዳኮታ ተሰባስበው፣ በዚያው ዓመት ጸደይ በካናዳ የታደነ የጥቁር ድብ ሥጋ ጠብሰው አቀረቡ። ሥጋው በማቀዝቀዣ ውስጥ 45 ቀን በረዶ ሆኖ የቆየ ነበር። ከተፈጥሮው የጠቆረ ስለሆነ መብሰሉን በዓይን መለየት አልቻሉም፤ ጥሬነቱ የታወቃቸው መብላት ከጀመሩ በኋላ ነው። ስድስት ሰዎች ታመሙ፤ ሦስቱ ሆስፒታል ተኙ። ከታመሙት መካከል ሁለቱ ሥጋውን ጨርሶ አልቀመሱም ነበር፤ የበሉት ከሥጋው ጋር አብሮ የተጠበሰውን አትክልት ብቻ ነው።

ይህን ለእህቴ ባነብላት ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ የቤቷን ሕግ አወጣች። «ሥጋው ይግባ። ድስቴን፣ ቢላዋዬንና መክተፊያዬን ግን አይነካም። የሚሠራውም ደጅ፣ በረንዳው ላይ ነው።» ባልዋ አንድ ትልቅ ብረት ድስት፣ አንድ መክተፊያና ሁለት ቢላዋ ለብቻ ገዝቶ በእጀታቸው ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቀለለባቸው። እርሷ ይህን ያደረገችው ለእምነቷ ስትል ነው፤ የጤና ባለሙያ ቢጠየቅ የሚሰጠው ምክርም ከዚህ ብዙ የተለየ አይሆንም ነበር።

ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት ባልቴት የድብ ሥጋ እየበሉ ያደጉ ናቸው። የሥጋ ማስተላለፊያ ቅጽ ተፈርሞ አንድ ታፋ ተሰጣቸውና፣ በምላሹ ስቡን እንዴት እንደሚያቀልጡ ሊያሳዩን መጡ። ስቡ ከሥጋው ላይ በደንብ ይገፈፋል፤ በማቀዝቀዣ ሲቆይ ቶሎ የሚቆመጥጠውና ሥጋውን የሚያበላሸው እርሱ ነው። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ተከትፎ፣ ጥቂት ውሃ ተጨምሮበት፣ እንዳይጠቁር በለዘብተኛ እሳት ቀስ ብሎ ይቀልጣል። እንደ ንጥር ቅቤ በጨርቅ ተጠልሎ በጠርሙስ ሲቀመጥ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ባልቴቲቱ ለኬክ ሊጥ ይጠቀሙበታል፤ የቀረውን ደግሞ የቆዳ ጫማ ያለሰልሱበታል። እህቴ ከመስኮቱ ውስጥ ሆና ስታይ ቆይታ «ቅቤ እንደማንጠር ነው እኮ» አለችኝ።

የሥጋውን ወጥ የሠራው አባትየው ነው። በትንንሹ ቆርጦ፣ በሽንኩርት አቁላልቶ፣ ካሮትና ድንች ጨምሮ ሦስት ሰዓት ያህል ቀቀለው። ልጁ ግን የእናቱን ጥብስ የለመደ ስለሆነ ከሽንጡ ጥቂት ልጥበስ አለ። ሥጋው ከላይ ጠቁሮ፣ ቡልቅ ቡልቅ እያለ፣ ሽታውም ደርሶ፣ ለማንኛችንም የበሰለ ይመስል ነበር። የሙቀት መለኪያውን መካከሉ ድረስ ወግቶ ሲያነብ ግን 58 ዲግሪ ብሎ ቆመ። ማዕከሉ የሚለው የሥጋው መካከል ቢያንስ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ እንዳለበት ነው። ልጁ መልሶ ጣደው። 74 እስኪያልፍ ድረስም ማንም እጁን አልሰደደም። ማጨስም ሆነ እንደ ቋንጣ ማድረቅ፣ ጨው መንስነስም ቢሆን ይህን እጭ ለመግደል የሚታመኑ አይደሉም።

እራት ቀረበ። አባትና ልጅ ከወጡ በሉ። እንደ ከብት ሥጋ ሆኖ ጥቂት ጣፈጥ ይላል አሉ። እኔና እህቴ ሽሮ በላን። «ያ ነገር በቀረበበት ማዕድ አልቀመጥም» ስትል የሰነበተችው እህቴ ከልጇ ጎን ተቀመጠች። ልጁ ቀና ብሎ ሳያያት «እማዬ፣ ተጸየፍሽኝ?» አላት። እርሷም እንጀራ ቆርሳ ሽሮ ጠቅልላ አጎረሰችውና «የገደልኸውን አልበላልህም። ያልገደልሃትን እናት ነገር ግን ሰምቻለሁ» አለችው። ክርክሩም በዚሁ አበቃ። ፍረጂኝ ያለችኝም ጉዳይ የእኔ ፍርድ ሳያስፈልገው ቀረ።

ውድ አንባብያን፣ ከመካከላችን ድብ የሚያድን አይኖርም። ይሁን እንጂ በየባዕድ አገሩ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የዱር ሥጋ ተጋብዘው ቢጠይቋችሁ «መካከሉ መብሰሉ በመለኪያ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከበሉ በኋላ ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ቢይዛቸው የበሉትን ሥጋ ዓይነት ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሐኪሙ ካልተነገረው ሌላ በሽታ ሊመስለው ይችላል።

ለእኛም ወጥ ቤት የሚሆን ምክር አለው። ጥሬ ሥጋ በተከተፈበት መክተፊያ ላይ ሳይታጠብ ሰላጣ አይቆረጥ፤ በደቡብ ዳኮታ አትክልት ብቻ የበሉት ሁለት ሰዎች መታመማቸው ይታወሰን። ማቀዝቀዣ ሥጋን ከመበላሸት ያቆየዋል እንጂ ያለውን ተባይ ሁሉ ይገድላል ብለን አንተማመን። ሥጋ ላዩ ስለ ጠቆረ በስሏል አንበል፤ ወፈር ያለውን ቁራጭ ከመካከሉ ሰንጥቀን እንይ፣ ከተቻለም በመለኪያ እናረጋግጥ። ከመሥሪያ ቤት ደክመን ስንገባ ልጆች ራበን እያሉ እግራችን ሥር ሲርመሰመሱ፣ ድስቱን አሥር ደቂቃ ቀድሞ ማውረድ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ቢሆንም ያቺ አሥር ደቂቃ የልጆቻችን ጤና ናትና እንታገሣት።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።